ሥልጣኑ የተውሶ ነው፦ ተባባሪ ዲን የሆንኩበት መንገድ

ነገሩ የጀመረው ቃለ ጉባኤ በመያዝ ነው።

ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የትምህርት ክፍላችን ስብሰባ ላይ ጸሐፊ ጠፋ። "ማን ይያዝ?" ሲባል ሁሉም አቀረቀረ። አንዱ ስልኩን ማየት ጀመረ፣ ሌላው ወረቀት ያገላብጣል። እኔ ከሁሉም ታናሽ ስለነበርኩ እምቢ ለማለት አፈርኩና እሺ አልኩ። የአንድ ቀን የመሰለኝ ሥራ ሦስት ዓመት ቆየ።

ዛሬ ሳስበው ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት አላገኘሁም። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ሐሳቡ ወዲያ ወዲህ እንዲሄድ መፍቀድ አይችልም። ማን ምን እንደጠየቀ፣ የማን ሐሳብ ለምን እንደወደቀ፣ ባለፈው ወር የተወሰነ ነገር ለምን ተመልሶ እንደመጣ ያያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዲት ጥያቄ የመጠየቅ መብት አለው። ሁለት ሰዎች ግማሽ ሰዓት ተከራክረው ሲደክማቸው "ይቅርታ፣ ምን ተብሎ ይጻፍ?" እል ነበር። ቤቱ ጸጥ ይላል። ውሳኔ የሚገኘው ያኔ ነው። ሲያወሩ የተስማሙ የመሰላቸው ሰዎች፣ ሊጻፍ ሲል እንዳልተስማሙ ሲገባቸው ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ተባባሪ ዲን መሆን የምታስቡ ካላችሁ ምክሬ ከዚህ ይጀምራል። ሌላው የሚሸሸውን የኮሚቴ ሥራ ውሰዱ። ሁሉንም ግን አይደለም። የዝግጅትና የመስተንግዶ ኮሚቴ ጊዜ ይበላል፣ ስለ ተቋሙ አሠራር የሚያስተምረው ነገር ግን ትንሽ ነው። የሥርዓተ ትምህርት፣ የውጤት ቅሬታ ወይም የጥራት ማረጋገጫ ኮሚቴ ካገኛችሁ ግን አትልቀቁ።

ለምሳሌ ሥርዓተ ትምህርት ማለት የርዕሶች ዝርዝር ይመስለኝ ነበር። ለካ ዋናው ነገር ሰዓት ነው። አንድ ባልደረባዬ ባለ 5 ክሬዲት አዲስ ኮርስ ይዞ መጣ። የንባብ ዝርዝሩ ብቻ ሦስት ገጽ ነበር። በአውሮፓው የክሬዲት አቆጣጠር አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የተማሪ ሥራ ነው፤ የሙሉ ዓመት ትምህርት ደግሞ 60 ክሬዲት። ስለዚህ የእሱ ኮርስ ክፍል መግባቱም፣ ንባቡም፣ ፈተናውም ተደምሮ ቢበዛ 150 ሰዓት መሆን ነበረበት። አብረን ቁጭ ብለን ቆጠርን። 240 ገባ። "ኮርስህ በዛ" ብዬው ቢሆን ኖሮ ይቀየመኝ ነበር። ስንቆጥር ግን እስክሪብቶውን አንስቶ ራሱ መሰረዝ ጀመረ። ይህች ልምድ በኋላ ስንት ቦታ እንደጠቀመችኝ! ሰውን ከመከራከር አብሮ መቁጠር ይሻላል።

ስለ ሹመቱ ራሱ ትንሽ ልበል። ዲን የሚለው ቃል ከላቲኑ ዴካኑስ የመጣ ነው። የአሥር ሰው አለቃ ማለት ነው፤ በኛ ቋንቋ ቁርጥ "አሥር አለቃ"። መጀመሪያ ለወታደር፣ በኋላ አሥር መነኮሳትን ለሚመራ መነኩሴ ይባል ነበር። ሐርቫርድ የመጀመሪያውን የኮሌጅ ዲን ኤፍሬም ገርኒን የሾመው እ.ኤ.አ. በ1870፣ በፕሬዝዳንት ቻርልስ ኤልየት ዘመን ነው። ተቋሙ ሲሰፋ የተማሪው ጉዳይ ሁሉ ለአንድ ሰው አልቻል ስላለ፣ ከፕሬዝዳንቱ ትከሻ ላይ ሸክም ወርዶ ዲን ላይ አረፈ። ተባባሪ ዲን ደግሞ ከዲኑ ትከሻ የወረደውን ይሸከማል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አሥር አለቃ ሥር አሥር ሰው አለ። ተባባሪ ዲን ሥር ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጸሐፊ በቀር ማንም የለም። መምህራኑ ተጠሪነታቸው ለትምህርት ክፍል ኃላፊው ነው፣ ኃላፊዎቹ ደግሞ ለዲኑ። የምፈርመው ወረቀት ሁሉ በዲናችን ስም የሚወጣ ነው። ሥልጣኑ የተውሶ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ይህን ሳላውቅ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያመለከትኩት። ማስታወቂያው "ተባባሪ ዲን" ይላል፣ እኔም ዝርዝሩን ሳላጤን ገባሁ። ተባባሪ ዲን ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የአካዳሚክ ጉዳይ አለ፣ የምርምርና የድኅረ ምረቃ አለ፣ የተማሪዎች ጉዳይ አለ። አንዱ ከኮርስና ከመርሐ ግብር ጋር ይውላል፣ አንዱ ከምርምር ገንዘብ ጋር፣ ሌላው ከተጨነቀ ተማሪ ጋር። የተከፈተው የአካዳሚክ ጉዳይ ነበር። እኔ ስለ ምርምር ራዕይ ሃያ ደቂቃ አወራሁ።

ከዚያ አንድ አንጋፋ ፕሮፌሰር ጠየቁኝ። "ዲኗ አንተ የማታምንበትን ነገር ወሰኑ እንበል። ለመምህራኑ የምትነግረው አንተ ነህ። ምን ትላለህ?" እኔም በልበ ሙሉነት "ሐሳቤን ለመምህራኑ በግልጽ እናገራለሁ" አልኩ። ቦታው ለሌላ ሰው ሆነ። ከሳምንት በኋላ ቢሯቸው ሄጄ የጎደለኝን እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። "የተከፈተው የዲንነት ቦታ አልነበረም። አንተ ግን እንደ ዲን ነው ያወራኸው" አሉኝ። አመመኝ። ግን እውነት ነበር። ያመለከታችሁት ሳይሳካ ሲቀር ሄዳችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። እኔ ከዚያ የአምስት ደቂቃ ንግግር ያተረፍኩትን ከየትኛውም ሥልጠና አላገኘሁም።

ከሁለት ዓመት በኋላ የነበረው ተባባሪ ዲን ለምርምር ፈቃድ ሲወጣ ለአንድ ሴሚስተር ተወካይ ሆንኩ። ቦታው ሲለቀቅ እንደገና አመለከትኩ። ያው ጥያቄ በሌላ ሰው አፍ መጣ። በዚህ ጊዜ ያልኩት እንዲህ ነው፦ "በሩ ተዘግቶ እስከ መጨረሻው እከራከራለሁ። በሩ ሲከፈት ውሳኔው የቢሯችን ነው። ደንብ የሚጥስ ከሆነ ግን አልፈርምም፤ ያንንም ከማንም በፊት ለዲኗ ነው የምነግራቸው።" ተቀጠርኩ።

የሥራውን ልክ ያሳየኝ የመጀመሪያው የውጤት ቅሬታ ነው። አንዲት ተማሪ መጣች። ተቀመጪ ብላትም አልተቀመጠችም። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ "ዶክተር፣ ወረቀቴን ልየው ብቻ" አለች። ኤፍ ነበር ያገኘችው። መምህሩን ጠይቃ "ውጤቱ ትክክል ነው" ተብላለች፤ ኃላፊውም የመምህሩን ቃል ተቀብሏል።

ተባባሪ ዲን ግሬድ የሚቀይር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይቀይርም፤ መቀየርም የለበትም። ማድረግ የምችለው ደንቡ የሚፈቅደውን ነበር፦ ወረቀቱ ወጥቶ መምህሩ ባለበት እንዲታይ። ወረቀቱ መጣ። አራት ገጽ ነው። ሦስቱ ገጽ ላይ ቀይ እስክሪብቶ አለ፤ ራይት፣ ኤክስ፣ ዳር ላይ ቁጥር። አራተኛው ገጽ ላይ ምንም የለም። የእሷ ጽሑፍ ብቻ፣ ከላይ እስከ ታች። መምህሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላበጠውና ዝም አለ። ከዚያ "ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገልጬ ነው ያለፍኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። እዚያው አረመው። ሲደመር ሲ ሆነ። ልጅቷ ያኔ ነው ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው።

ያንን መምህር እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። ጥፋቱን ተማሪ ፊት ማመን ቀላል አይደለም። እኔ ደግሞ ያን ቀን የገባኝ፣ ደንቡን እስከ አንቀጹ ማንበብ ለእኔ የሥራ መሣሪያ መሆኑ ነው። በማግስቱ የመተዳደሪያ ደንቡን አትሜ ዳር ዳሩን እያሰመርኩ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። በቀጣዩ ሴሚስተር ውጤት ሬጅስትራር ከመግባቱ በፊት ሌላ መምህር ገጽና ድምር እንዲያይ አደረግን። ቅሬታው ወዲያው አልጠፋም፣ ግን ያልታረመ ገጽ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ደንብ የማይደርስበት ነገርም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ጽሑፍ የሚጽፈው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቻትጂፒቲ ሲወጣ የሆነው እንዲህ ነው። በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ጠረጴዛዬ በክስ ተሞላ። መምህራን መርማሪ ሶፍትዌር ያወጣውን ፐርሰንት አትመው ይዘው ይመጣሉ። "87 ፐርሰንት ማሽን ነው የጻፈው፤ ይቀጣልኝ!" እኔ ተማሪን በፐርሰንት ብቻ አልቀጣም አልኩ። የቻትጂፒቲ ሠሪ ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣውን መመርመሪያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ በሐምሌ 2023 ዘግቶታል። ሠሪው ያላመነውን እኔ እንዴት ልመን? ይልቁንስ ተማሪው መጥቶ የጻፈውን በቃሉ እንዲያስረዳ፣ ረቂቁንም እንዲያሳይ አደረግን። የጻፈ ሰው ያወራዋል፤ ያልጻፈም ብዙም አይቆይም፣ ይታወቅበታል። አንዳንድ መምህራን ለተማሪ ታደላለህ ብለው ተቆጥተውብኛል። ዛሬም ያንኑ እወስናለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በዚህ ሥራ ወዳጅ ይጎዳል።

ቢሮ ለስድስት ዓመት የተጋራን ጓደኛዬ ነበር። የሎድ፣ ማለትም የማስተማር ሸክም ድልድል ሲሠራ የእሱ ክፍለ ጊዜ ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ቀድሞ የነበረበት ፕሮጀክት አልቋል፣ ለፕሮጀክቱ የተሰጠው የሎድ ቅናሽ ግን ሳይነሳ ቀርቷል። ቁጥሩ ግልጽ ነው፤ አንድ ኮርስ መጨመር ነበረበት። ውሳኔው ትክክል ነበር። አነጋገሬ ግን ትክክል አልነበረም። በኢሜል ነው የነገርኩት፤ ለሁሉም መምህራን በተላከ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ ከስሙ ትይዩ በተጻፈ ቁጥር። ቢሮው ከእኔ ቢሮ ሃያ እርምጃ አይሞላም ነበር። ሴሚስተሩን ሙሉ ኮሪደር ላይ ሲያየኝ መንገድ ይቀይር ነበር። በኋላ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ እሱም "ኮርሱን አይደለም፣ ከሰው እኩል መስማቴን ነው የጠላሁት" አለኝ። ታረቅን፣ ግን እንደ ድሮው አልሆንም። እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ሰው የማይወደውን ነገር በጽሑፍ ከመላኬ በፊት እግሬን አንስቼ እሄዳለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ስለ ምርምር ሳልናገር ባልፍ ታማኝ አልሆንም። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ጽሑፍ አላወጣሁም። ቀኑ በስብሰባ ይቆራረጣል፣ ማታ ሰው ይደክማል። ስለዚህ ቢያንስ ተባባሪ ፕሮፌሰርነቱን ሳትይዙ ወደዚህ ሥራ አትግቡ። የሰው የዕድገት ፋይል ላይ ትቀመጣላችሁ፤ የራሳችሁ ዕድገት የተንጠለጠለ ከሆነ ሰውም ይታዘባል፣ እናንተም ትፈራላችሁ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ ጧት ስብሰባ አልይዝም። አንድ ኮርስም አልተውኩም። ክፍል የማይገባ ሰው ስለ ክፍል ሲወስን ቶሎ ይሳሳታል።

ከመፈረማችሁ በፊት የሥራ ዘመኑ ስንት ዓመት እንደሆነ፣ የማስተማር ሎዱ በምን ያህል እንደሚቀነስ፣ ስትጨርሱ ወደ ምርምር የምትመለሱበት ፈቃድ እንዳለ ጠይቁ። "እሱ ችግር የለውም፣ እናስተካክላለን" ከተባላችሁ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊውን ጥያቄ አንሱ፦ ደብዳቤው ላይ ምን ተብሎ ይጻፍ?

እኔ ይህን ሳላደርግ ነው የገባሁት። ዋጋውን ያወቅኩት የሾሙኝ ዲን በሦስተኛው ዓመቴ ሲለቁ ነው። ከእሳቸው ጋር በቃል የተግባባነው ሁሉ አብሯቸው ሄደ። የትኛውን እኔ እንደምፈርም፣ የትኛውን ለእሳቸው እንደምመራ፣ ሁሉም በመተማመን ነበር የሚሠራው። አዲሱ ዲን መጥተው በመጀመሪያው ሳምንት "እስካሁን አንተ ምን ምን ትወስን ነበር?" ሲሉኝ የማሳያቸው ወረቀት አልነበረኝም። ትንሽ አፈርኩ። ከዚያ አንድ ባዶ ገጽ አወጣሁና መሐሉን በመስመር ከፈልኩት። በግራ እኔ ብቻዬን የምጨርሰው፣ በቀኝ ሳልጠይቃቸው የማልነካው። የኮርስ መተካት በግራ። የሎድ ቅናሽ በቀኝ። የውጤት ቅሬታ ላይ ስንደርስ እሳቸው ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ አልን፤ ስለዚያች አራተኛ ገጽ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና እስክሪብቶውን ተቀብለው በግራ በኩል ጻፉት።