እንደሷ ያለ አልተገኘም

ቅዳሜ። ዝናብ። ለንደን ላይ ዝናብ ሲጥል ብሪቲሽ ሙዚየም እገባለሁ፤ መግቢያው በነፃ ነው፣ ደግሞም ይሞቃል። እግሬ የሚወስደኝ ሁሌም ወደ ክፍል 95 ነው። የቻይና ሸክላ ብቻ የተደረደረበት ክፍል። አንዴ አብራኝ የመጣች ጓደኛዬ «ይሄን ሁሉ መንገድ ያመጣሽኝ አረንጓዴ ሳህን ልታሳዪኝ ነው?» ብላ ስቃብኛለች። አልፈርድባትም። መጀመሪያ ሲያዩት አረንጓዴ ሳህን ነው።

የሎንግቹዋን ሴላደን ይባላል፤ ሎንግቹዋን ቻይና ውስጥ፣ ዠጂያንግ የሚባለው አውራጃ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። አረንጓዴው የተቀባ ቀለም አይደለም። ሸክላው የሚነከርበት ግሌዝ፣ ያ እንደ መስታወት የሚያበራው ልባስ፣ ውስጡ ትንሽ ብረት አለ። እሳቱ አየር ሲያጥረው ብረቱ አረንጓዴ ይሆናል። አየር በዝቶ ከገባ ግን ወደ ቢጫ፣ ወደ ቡኒ ይሄዳል። ሙቀቱ እስከ 1,310 ዲግሪ ይደርሳል። ጥሩው ዕቃ ደግሞ ግሌዙን ደጋግሞ ይነከራል። ለዚህ ይመስለኛል ብርሃኑ ላዩ ላይ ከማብለጭለጭ ይልቅ ወደ ውስጥ ሰምጦ የሚቀረው። መስታወቱ ላይ አፍንጫዬን ለጥፌ ስንቴ ጥበቃ እንደገላመጠኝ!

ከሁሉ የማልረሳት ሳህን ግን እዚህ የለችም። ያለችው ቶኪዮ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጃፓኑ ገዥ አሺካጋ ዮሺማሳ ይህችን የሻይ ሳህን ስለተሰነጠቀችበት ወደ ቻይና ላካት ይባላል። እንደሷ ያለ ሌላ ላኩልኝ ነው ያለው። መልሱ ምን ሆነ? እንደሷ ያለ አልተገኘም። ስንጥቋን በብረት ማያያዣ ሰፍተው መለሱለት። ብረቶቹ አንበጣ ይመስላሉ ተብሎ ስሟም ከዚያ ወጣ።

እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሳህኗ እጃቸው ላይ ናት። አፈሩ እዚያው አገራቸው ነው። ግን እንደሷ መሥራት አልቻሉም።

የሎንግቹዋን ምድጃዎች በኋላ እየተዳከሙ ሄዱ። በ1957 ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኤንላይ የድሮዎቹ ምድጃዎች ሥራ እንዲመለስ አዘዙ። ከአሮጌዎቹ ምድጃዎች ሥር ስብርባሪ እየለቀሙ፣ እየመረመሩ፣ እየሞከሩ ነው የጀመሩት። ኋላ ትልቅ ባለሙያ የተባሉት ሹ ቻውሺንግ ያኔ ገና የ14 ዓመት ልጅ፣ ሙያ ከገቡ አንድ ዓመት የሆናቸው ተለማማጅ ነበሩ። በ2009 ዩኔስኮ ሙያውን መዘገበው። ደስ ይላል፤ ግን ወረቀት እሳት አይጠብቅም። ስብርባሪም ቢሆን አፈሩንና ግሌዙን ይናገር ይሆናል እንጂ አየሩን መቼ መዝጋት እንዳለብህ አይነግርህም።

(ስብርባሪ ካልን፣ ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ ላይ ሲቆፈርም ከቻይና የመጣ ሸክላ ተገኝቷል። ሸክላው ስንት ባሕር አቋርጦ ነው እዚያ የደረሰው!)

ባለፈው ለአክስቴ ደውዬ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስንት ደቂቃ እንደሚቁላላ ጠየቅኳት። «ምን ደቂቃ አለው ልጄ፣ ራሱ ይነግርሻል» አለችኝ። ነዘነዝኳት። ሲሰለቻት «እንግዲህ አርባ በይው» አለች። ደብተሬ ላይ 40 ብዬ ጻፍኩ። በ25ኛው ደቂቃ አረረ። የእሷ ምድጃና የእኔ ምድጃ አንድ እንዳልሆነ ማን ያስብ!

ዛሬ አንዷን ሳህን ጎንበስ ብዬ ከሥሯ አየኋት። የምትቀመጥበት ጠርዝ ላይ ግሌዝ የለም። እዚያ ጋ እሳቱ አፈሩን ዝገት አስመስሎታል። የቀረው ሁሉ አረንጓዴ። ጥበቃው ሰዓት መድረሱን ነገረኝና ወጣሁ። ዝናቡ አላቆመም።

ማታ ለአክስቴ በቪዲዮ እደውልላታለሁ። ድስቱን ወደ ካሜራው ታዘንብልልኝ።