ጣና ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው

የአውቶቡሱ ረዳት ቦርሳዬን ብድግ አድርጎ ሲመዝነው ፊቱ እንዴት እንደበራ አልረሳውም። «ይሄ የንግድ ዕቃ ነው፤ 200 ብር ትጨምራለህ» አለኝ። ጀልባ ነው አልኩት፤ አላመነኝም። ዚፑን ከፍቼ የታጠፈውን ቢጫ የሚነፋ ካያክና ፓምፑን አሳየሁት። «እና ጀልባ አይነገድም?» ብሎ ብሩን ተቀበለኝ። ጥር 2010 ዓ.ም. ነበር። ከአዲስ አበባ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተን፣ የዓባይን በረሃ ወርደንና ወጥተን፣ ባሕር ዳር ስንገባ 10 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስለ መንገዱ ሌላ የምለው የለኝም፤ 200 ብሬን እያሰብኩ ነው የደረስኩት።

ማረፊያዬን በስልክ ስይዝ «ሐይቁ ዳር ነው» ብለውኛል። ሐይቁ የሚታየው ጣራ ላይ ሲወጣ ነው። አጠገቡ ያለው ሙዚቃ ቤት ደግሞ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አላስተኛኝም፤ የሰፈሬን ውሾች እንኳ የማልችል ሰው ነኝ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ገና ሳይነጋ ቦርሳዬን ተሸክሜ ወረድኩ።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጣና አይነቃነቅም። እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ከዘጌ አቅጣጫ ይመጣሉ፤ ቀዛፊው ገና ሩቅ እያለ ሲያስል ይሰማል። ካያኬን ነፍቼ ገባሁና እስከ 4 ሰዓት ቀዘፍኩ። ስለዚያ ጠዋት ብዙ የሚጻፍ የለም። ምንም አልሆነም፣ ደስ ያለኝም እሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ምንም የማይሆንበት ሦስት ሰዓት ከየት ይመጣል?

ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ሐይቅ ነው። ጣና ከሰሜን እስከ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ባሕር ዳር ያለችው ደቡብ ጫፉ ላይ ስለሆነ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ሲዞር ያን ሁሉ ርቀት ውሃውን እየገፋ ይመጣል። ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ሞገዱ አጭር፣ ቀጥ ያለና እግር በእግር የሚከታተል ይሆናል። ቁመቱን አይቶ መናቅ ቀላል ነው።

ሁለት ወጣቶች ዓይኔ እያየ ናቁት። የተከራዩትን የፕላስቲክ ካያክ ይዘው መጡና አንደኛው ተቀመጠ፣ ሁለተኛው ከኋላ ሆኖ መግፋት ጀመረ። ጀልባው ግን ጎኑን ለሞገዱ ሰጥቷል። የመጀመሪያው ሞገድ ግማሹን ሞላው። ከዛፉ ሥር ታንኳ ሲጠግኑ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዘለው ተነሱ፦ «አንተ ልጅ! ከኋላው ውጣ! ወደ ሐይቁ ዙር!» ልጁ ዘወር ከማለቱ ቀጣዩ ሞገድ ካያኩን አንስቶ፣ እግሮቹ የነበሩበት ጥቁር ድንጋይ ላይ አጋጨው። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጀልባ 200 ሊትር ውሃ ከያዘ 200 ኪሎ ተጨምሮበታል ማለት ነው፤ ያ ሁሉ ክብደት በሞገድ ሲገፋ ጉልበት ይሰብራል። ስለዚህ በጀልባውና በየብሱ መካከል አይቆምም።

«አባባ፣ ታዲያ በዚህ ሞገድ እንዴት ነው የሚገባው?» አልኳቸው።

«አይገባም!» አሉና ሳቁ። «መግባት ግድ ከሆነ ግን መጀመሪያ ቁጭ ብለህ እያት።»

አብሬያቸው ተቀምጬ ሳይ ሞገዱ ሁሉ እኩል አይደለም። ከበድ ከበድ ያሉት ተከታትለው ይመጣሉ፣ ከዚያ ትንሽ ይለዝባል። ውቅያኖስ ዳር ይህ ፋታ ረዘም ይላል፤ ጣና ላይ ግን ላይፍ ጃኬትህን ካልቆለፍክ፣ መቅዘፊያህን ካላዘጋጀህ ያልፍሃል። የጀልባውን አፍንጫ ቀጥ አድርጎ ለሞገዱ መስጠት፣ ውሃው ጉልበት ሲደርስ ከጎን ዘሎ መቀመጥ፣ ከዚያ ሞገዱ የሚሰበርበትን መስመር እስኪያልፉ ሳያቆሙ መቅዘፍ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚገለበጠው እግሩን ለማመቻቸት እዚያ መሐል ቆም ሲል ነው። ሞገዱ በጎን ከያዘህ ደግሞ ወደ ሞገዱ ተደገፍ፣ መቅዘፊያውንም እሱ ላይ ትከል። ሰውነት በደመ ነፍስ ወደ ዳር ማጋደል ይፈልጋል፤ ያኔ ነው መገልበጥ።

ሽማግሌው የሚጠግኑት ታንኳ ከደንገል (ፓፒረስ) የታሰረ ነው። ጎኑን በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት ስፖንጅ ይመስል ውሃ አወጣ፤ ልጡ የላላበትን ቦታ አሳዩኝ። ደንገል ውሃ ይጠጣል፣ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ቆይቶ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ከሥራ ሲመለስ ሽቅብ አቁመው ያንጠፈጥፉታል። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ሊያቋርጥባት ያሠራት ጀልባ «ራ» ከዚሁ ከጣና በሄደ ደንገል የታሰረች ነበረች። ሳምንታት ከተጓዘች በኋላ ኋላዋ ውሃ ውስጥ ሰምጦ ባርቤዶስ ሳትደርስ ቀረች። ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሳያደርቃት ያን ያህል ቀን?» አሉ፤ ሰውየው ሞኝ ነው ብለው ደመደሙ።

የእኔንም ካያክ ገልበጥ አድርገው አዩት። የላስቲክ ጀልባ ጠላቱ አሸዋ ነው፤ ወለሉና ጎኑ የሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ልክ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። ከቀዘፋ በኋላ ገልብጦ ማራገፍ፣ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ የአየር መግቢያውን ክዳን ዙሪያ በጣት መጥረግ ያስፈልጋል። ባሕር ላይ ከሆነ ጨው ስላለ መታጠቡ አይታለፍም። ጠዋት በቀዝቃዛው ሰዓት የተወጠረ ጀልባ ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ ከተተወ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና ስፌቱን ያላቅቃል፤ ከውሃ ሲወጣ ትንሽ ማስተንፈስ ነው። እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ ይሻግታል። ሁልጊዜ በአንድ መስመር ከታጠፈ ደግሞ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል።

ማድረቂያ ቦታ ማግኘት ግን ሌላ ጣጣ ነው። የማረፊያው ጣራ ላይ ከአንሶላዎቹ ጎን ሰቅዬው ስወርድ አስተናጋጇ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ፤ ለማስረዳት ከረዳቱ ይልቅ እሷ ቀለለችኝ። ማታ ስፈትሸው ከሥሩ አየር የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ነበር፤ የሳሙና ውሃ ስቀባው አረፋ ሠራ። ቦታውን በአልኮል ጠርጌ፣ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ሻካራ አድርጌ፣ ጀልባውንም ቁራጩንም ሙጫ ቀብቼ ጣት ላይ ያዝ ያዝ እስኪል ጠበቅሁና ተጭኜ ለጠፍኩት። እንዲህ ያለ ሙጫ አንድ ሙሉ ቀን ሳይነካ ካልቆየ አይጸናም።

በዚያ ቀን የክብራን ገብርኤልን የደሴት ገዳም በሞተር ጀልባ ሄጄ አየሁ፤ ሴቶቹ ተሳፋሪዎች ስለማይፈቀድላቸው ጀልባው ውስጥ ቀርተው ኦቾሎኒ በሉ። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ በማለዳና በመሸ ጊዜ በትንሽ ጀልባ አልጠጋም ብዬ ወስኛለሁ፤ የሞተረኛው ማባበል አልቀየረኝም። ሣር የበዛበት ጥልቀት የሌለው ውሃም ቢልሃርዚያ ሊኖርበት ይችላል፤ ከውሃ ስወጣ ቶሎ በፎጣ እደርቃለሁ።

ከሽማግሌው ጋር በታንኳቸው የወጣሁት በማግስቱ ጠዋት ነው። መቀመጫዬ ረጥቧል፣ ረጅሙ ቀርከሃ ውሃውን ሲነካ ከኋላዬ ይሰማኛል። 5 ሰዓት ሲሆን ነፋሱ ከሰሜን ጀመረና ተመለስን። ዳር ስንቃረብ ቀርከሃውን አቆሙ፤ ፊታቸው ወደ ኋላ ነው። አንድ ትልቅ ሞገድ ከሥራችን እንዲያልፍ ለቀቁትና ጀርባውን ተከትለው በፍጥነት ገፉ፤ ቀጣዩ ሳይደርስብን ደንገሉ ጭቃውን ነካ። «ውረድ፣ በጎን!» አሉኝ። ወረድኩ፣ አብረን ጎትተን ዛፉ ላይ አስደገፍነው።

ስንት ልክፈል ስላቸው 50 ብር አሉኝ። መቶ ሰጠኋቸው። ኪሳቸውን ፈትሸው የተጨማደዱ አሥር አሥር ብሮችን እየቆጠሩ መልሱን ሰጡኝ።