ግድግዳው ላይ የቀረው የውሃ መስመር

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር የነበረውን ቤታችንን በ2011 ያለ ደላላ ሸጥነው። ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ብር ተረፈላችሁ?» ብሎ ነው። ቤቱ የተሸጠው በ3 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ነው። ደላላው 2 በመቶ ጠይቆን ነበር። 64 ሺህ ብር መሆኑ ነው፤ ለልብስ ሰፊ ትንሽ ብር አይደለም። ግን ደላላውን የተውኩት በብሩ ምክንያት አልነበረም። በቀለም ምክንያት ነው።

ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሐይቁ አጠገብ ለምንኖር ሰዎች የክረምት ውሃ ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ከታችም ይመጣል። ነሐሴ ላይ ከግቢያችን ጉድጓድ ለመቅዳት ገመድ አያስፈልግም ነበር። ጎንበስ ብሎ መጥለቅ ነው። ጣና ራሱ ሞልቶ የሚታየው ደግሞ ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ መስከረም አካባቢ ነው። ሰው ክረምቱ አለፈ ብሎ ሲደሰት የእኛ ሰርቪስ ቤት ገና ይረጥባል። ግድግዳው ላይ፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ቡናማ መስመር ነበር። በየዓመቱ ብንቀባውም ተመልሶ ይወጣል።

ደላላው የመጣው ግንቦት ላይ ነው። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና መስመሩ ጋ ቆመ። «እናቴ፣ እቺን ቀለም አስቀቢያት። ሰኔ ሳይገባ እንጨርሰዋለን» አለኝ። ገዢው ክረምቱን ሳያይ ማለቱ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እኛ ወደዚያ ቤት የገባን ዓመት የነገረን ሰው አልነበረም። አንድ ጠዋት ስንነሳ የልጆቼ ፍራሽ ውሃ ላይ ነበር። ትንሿ ልጄ ሳምንት ሙሉ ስትስል ከረመች። ያንን ለሌላ ሰው ልጅ አሳልፌ ልሰጥ ነው? ሲነጋ ለባለቤቴ ደወልኩና «እኛው እንሸጠዋለን» አልኩት።

በሩ ላይ «የሚሸጥ ቤት። በባለቤቱ። ደላላ አንፈልግም» ብለን ለጠፍን። በመጀመሪያው ቀን የደወሉት ሁሉ ደላሎች ነበሩ። ገዢ ያመጣልን ወረቀቱ ሳይሆን የስፌት መኪናዬ ነው። ቀሚስ ሊለኩ የሚመጡ ሴቶች ወሬውን ይዘው ሄዱ፤ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለዕቁብ ጓደኛ ነገሩልኝ።

የመጀመሪያው ሰውዬ ቤቱን ወደደው። «ቃሌ ነው፣ ለሌላ ሰው እንዳታሳዩ» ብሎ ሄደ። ሦስት ሳምንት ጠበቅነው። በመሀል የመጡ ሁለት ሰዎችን መለስን። እሱ ስልክ ማንሳት ተወ። የቀብድን ነገር የተማርኩት ያኔ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የከፈለ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ሰው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ቀብድ ሳትይዙ ለማንም ብላችሁ በራችሁን አትዝጉ።

ቀጥሎ አንዲት ነርስ ከባሏ ጋር መጣች። ሳሎኑን ሳላሳያቸው ወደ ሰርቪሱ ወሰድኳቸው። «ነሐሴና መስከረም ውሃው እዚህ ድረስ ይመጣል» አልኳቸው። እሷ ዝም ብላ መዳፏን መስመሩ ላይ አሳረፈች። ባሏ «ለምን ነገሩን?» አለኝ። የፍራሹን ታሪክ ነገርኩት። ማንጎውን፣ ጉድጓዱን፣ ውሃው ወደ ውጭ የሚወጣበትን ቦይ ሁሉ አዩ። ቡና አፍልቼ ጠጣን። በሳምንቱ ተመልሰው መጡና «ስለ ውሃው ይቀንሱልን» አሉ። 150 ሺህ ብር ቀነስንላቸው። አልቆጨኝም።

ወረቀቱ አሰልቺ ቢሆንም ከባድ አልነበረም። ካርታው፣ የግብር ደረሰኙ፣ ቤቱ ከዕዳና ከእግድ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ፣ የጋብቻ ወረቀታችን። ባለቤቴ ሥራው ጎንደር ስለነበር ለፊርማ መጣ፤ የባልና የሚስት የጋራ ቤት በአንዱ ፈቃድ ብቻ አይሸጥም። ውሉም ሰፈር ውስጥ ሦስት ምስክር ተቀምጦ በተጻፈ ወረቀት አያበቃም፤ ውል የሚያዋውለው መሥሪያ ቤት ቀርቦ መመዝገብ አለበት። ስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ አስፍሩት። እኛ በቃል ትተነው መጨረሻ ላይ ልንቀያየም ነበር። ቀሪውን ብር በሲፒኦ፣ ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ፣ ነው የከፈሉን። ከመፈረሜ በፊት ባንኩ ድረስ ሄጄ አረጋገጥኩ። ሰዎቹን አምኛቸው ነበር፤ ቢሆንም ሄድኩ።

መስከረም ላይ ነርሷ ደወለች። «እትዬ፣ ውሃው መጣ» አለችኝ። ልቤ ደነገጠ። «እንዳሉን መስመሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዕቃውን ቀድመን አውጥተን ነበር። ቦዩን ግን በየት በኩል ነበር የምትከፍቱት? ጠፋብን።»

በስልክ ማስረዳት አቃተኝ። የስፌት መኪናውን አጥፍቼ፣ በባጃጅ ሄድኩ። ዶማውን የተውነው ቦታ፣ ማንጎው ሥር አገኘሁት። ከአጥሩ ጥግ ያለውን አፈር ገለል ሳደርገው ውሃው መንገዱን አውቆ ወጣ።