መስመሩ ተይዟል

ባለፈው ሰሞን ካርቶን ውስጥ ቻርጀር ስፈልግ አሮጌው ሞደሜ፣ ያ ኮምፒውተርን ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኘው ዕቃ፣ እጄ ገባ። የመጽሐፍ ያህል ነው፣ ፊቱ ላይ ትንንሽ ቀይ መብራቶች የተደረደሩበት። ያን ጩኸቱን በአፌ ለማውጣት ስሞክር ልጄ ከወዲያኛው ክፍል ብቅ አለችና «አባዬ፣ ደህና ነህ?» አለችኝ።

ላላወቃችሁት ላስረዳ። መጀመሪያ ቁጥሩ ይደወላል። ማዶ ያለው ሞደም ስልኩን ያነሳና ረጅም ቀጭን ፉጨት ይለቃል። ፉጨቷ በከንቱ አይደለችም። የስልክ መስመር ላይ ለሰው ንግግር ተብለው የተገጠሙ የገደል ማሚቶ ማፈኛዎች ነበሩ፤ በ2100 ኸርዝ የምትጮኸው እሷ «እናንተ አሁን አርፋችሁ ተቀመጡ» ትላቸዋለች። ከዚያ ሁለቱ ሞደሞች መንጫጫት ይጀምራሉ። በስንት ፍጥነት ትችላለህ፣ መስመሩስ እንዴት ነው እየተባባሉ ነው። ከዚያ ሽሽሽሽ፣ ከዚያ ጸጥ። ጸጥ ካለ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ችግሩ ይሄ ሁሉ እሪታ እኩለ ሌሊት ላይ መሆኑ ነው። ቤተሰብ እንዳይነቃብኝ ሞደሙን በትራስ አፍኜ፣ እላዩ ላይ ተኝቼበት ነበር የምደውለው። ድምፁን ማጥፊያ ትእዛዝ እንዳለው ያወቅኩት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። «ኤ ቲ ኤም ዜሮ» ብሎ መጻፍ ብቻ! (የገንዘቡ ማሽን አይደለም።)

የምገባው ደግሞ ቢቢኤስ ወደሚባለው ነበር። ድረ ገጽ ምናምን የለም፤ አንድ ሰው ቤቱ ኮምፒውተር ከስልክ ጋር አያይዞ ይተወዋል፣ እናንተ ትደውላላችሁ፣ መልእክት ታነባላችሁ፣ ትጽፋላችሁ፣ ፋይል ትወስዳላችሁ። የመጀመሪያውን የሠሩት ዋርድ ክሪስተንሰንና ራንዲ ሱስ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 1978 ቺካጎ ላይ ከባድ በረዶ ወርዶ ሰው ቤቱ ሲቀር ነው ሥራውን የጀመሩት፤ በየካቲት አጋማሽ ክፍት ሆነ። መስመሩ አንድ፣ በአንድ ጊዜ የሚገባው ሰውም አንድ።

እኔም የምደውልበት ቤት እንደዚያው ነበር። ተይዟል፣ ተይዟል፣ ተይዟል። ሃያ ጊዜ ደውዬ ስገባ የሚሰማኝን ደስታ ምን ልበላችሁ። አንዳንዴ ባለቤቱ ራሱ ከዚያኛው ጫፍ ሆኖ የማደርገውን ያያል፤ ድንገት ስክሪኔን ይቀማና ሰላምታ ይጽፍልኛል። የሚጽፈው ፊደል በፊደል ነው የሚመጣው። ሲሳሳት ታያለህ፣ ወደ ኋላ ሄዶ ሲያጠፋ ታያለህ፣ ቆም ብሎ ሲያስብም ታያለህ። ፊቱን አይቼው የማላውቀው ሰው ነው፤ አጻጻፉን ግን ዛሬም ብትሰጡኝ እለየዋለሁ።

ፍጥነቱን አታንሱብኝ። 2400 ቢት በሰከንድ ማለት 240 ፊደል ገደማ ነው። አንድ ሜጋባይት ፋይል ለማውረድ ከአንድ ሰዓት በላይ ትጠብቃለህ፣ ያውም መስመሩ ካልተበላሸ። አንድ ቀን አንድ ጨዋታ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ስክሪኑ ላይ ቅንፍና ጥምዝምዝ ምልክት መፍሰስ ጀመረ። እህቴ ሳሎን ስልኩን አንስታ «ሄሎ? ሄሎ?» ትላለች። ሞደሜን ነው ሄሎ የምትለው! ሁለት ቀን አላናገርኳትም። በኋላ ዜድሞደም የሚባለውን የፋይል ማስተላለፊያ ዘዴ ስናገኝ ከተቋረጠበት መቀጠል ይቻል ጀመር፤ እሷም እኔም ተገላገልን።

ያ ቀርፋፋነት ይመለስልኝ አልልም። የስልክ ሂሳቡም ያስለቅስ ነበር፣ እማዬ አንዴ ደረሰኙን ፊቴ ላይ ዘርግታ ዝም ብላ አይታኛለች። የሚናፍቀኝ መውጣት ነው። ያኔ «ገባሁ» እንል ነበር፣ ከዚያ ደግሞ «ወጣሁ»። አሁን «ወጣሁ» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ራሴ መቼ እንደገባሁ አላስታውስም፤ ከእንቅልፌ ስነቃ እዚያው ነኝ።

ኤኦኤል የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት እንኳ እንዲህ በስልክ እየደወሉ ኢንተርኔት የሚገቡበትን የዲያል አፕ አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2025 ዘግቶታል። እስከዚያ ድረስ መኖሩ ነው የገረመኝ።

ልጄ ሞደሙን ገልብጣ አየችውና «ታዲያ አንተ ኢንተርኔት ላይ ሆነህ ሰው ቢደውልስ?» አለችኝ።

«መስመሩ ተይዟል ይለዋል።»

«ከዚያስ ምን ያደርጋል?»

«ቆይቶ ይደውላል።»

ትንሽ አሰበችና «ማታ ሙሉ?» አለች። ማታ ሙሉ።