ከወሽመላ እስከ ሹሹኮስ፦ የቆጵሮስን ፍሬ በየወሩ መከተል እንዴት እንደለመድኩ

የምሠራው ቆጵሮስ፣ ከሊማሶል ከተማ ከፍ ብሎ፣ በትሮዶስ ተራራ ደቡባዊ ተዳፋት ላይ ካሉት የወይን መንደሮች በአንዱ ነው። የምንከባከባቸው እናት ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ እዚህ አያት እንደሚጠራው ያያ እላቸዋለሁ። ጓሯቸው ዓመቱን ሙሉ ፍሬ አያጣም። እሳቸው ግን መሰላል መውጣት ካቆሙ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸውም ኒቆሲያ ናቸው። ፍሬው ከዛፉ ሥር ወድቆ ጉንዳን ሲወርሰው እኛ ከሱፐርማርኬት ከውጭ የመጣ ፖም እንገዛለን። አልዋጥልሽ ቢለኝ “ምን መቼ እንደሚለቀም ይንገሩኝ እንጂ ጉልበቱ ከእኔ ነው” አልኳቸው።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር ወቅቱ ከአገር ቤት ጋር የተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። እኛ ጋ ክረምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠቁር እዚህ ጠብታ የለም፤ ዝናቡ የሚመጣው በእነሱ ብርድ ነው፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ግድም። ስለዚህ በእነሱ በጋ የሚደርስ ፍሬ ወይ የጠብታ መስኖ ይዘረጋለታል፣ ወይ እንደ ወይንና ረጅም ጥቁር ጣፋጭ ፍሬ እንደሚያፈራው የካሮብ ዛፍ ሥሩን አርቆ ሰዶ ይችለዋል። በዚያ ላይ ደሴቲቱ ትንሽ ብትሆንም ጫፏ 1,952 ሜትር ይደርሳል። ጳፎስ ባሕር ዳር ሙዝ ይበቅላል፤ ወደ ተራራው ስትወጡ ደግሞ ፔዱላስ የቼሪ አገር ነው። “አሁን ወቅቱ ነው ወይ?” ብላችሁ ስትጠይቁ የትኛው ከፍታ ላይ እንደሆነ አብራችሁ ጠይቁ።

ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ወሽመላ ነው። ሚያዝያ አካባቢ ዛፉ ቢጫ ይሆናል። አዲስ አበባ ግቢያቸው ወሽመላ የነበረ ሰዎች ያውቁታል፤ ጥሩ ፍሬ ነው፣ ትዕግሥት ግን የለውም። በእጅ ጎትተው ከቀነጠሱት ልጣጩ ይቀደዳል፣ እስከ ማታ ይጠቁራል። እኔ ከነዘንጉ በመቀስ እየቆረጥኩ ሰፌድ በመሰለ ዝርግ ቅርጫት አንድ ድርድር ብቻ አስቀምጣለሁ። ለጎረቤት መስጠት ካለባችሁ በዚያው ቀን ስጡ። ሰኔ ላይ ሀብሃቡ ይመጣል፤ ሰዉ ከሃሉሚ አይብ ጋር ነው የሚበላው። ጨውና ጣፋጭ ባንድ ጉርሻ ግራ ያጋባል፤ አሁን ግን ያለ አይቡ ሀብሃብ ባዶ ይመስለኛል።

በለሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። እዚህ ፓፑጾሲካ ይሉታል፤ ቁልቋሉ በየማሳው ዳር አጥር ሆኖ ቆሟል፣ ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ ይበስላል። ትልቁ እሾህ አያስፈራም፣ ይታያል። የሚያስለቅሰው እንደ ፀጉር የቀጠነው ነው፤ ፀሐይ ሲያደርቀው በነፋስ ይበናል፣ ዓይንም ከንፈርም ላይ ያርፋል። ስለዚህ ለቀማው ጎሕ ሲቀድ፣ ጤዛው ሳይደርቅ ነው፤ የምትቆሙትም ነፋሱ ከጀርባችሁ እንዲመጣ አድርጋችሁ። ያያ ረጅም ዱላ ጫፍ ላይ የተቸነከረ ባዶ ቆርቆሮ አላቸው። ፍሬውን ቆርቆሮው ውስጥ ታስገቡና ጠምዘዝ ታደርጉታላችሁ፣ ይወድቃል። ከዚያ መሬት ላይ ዘርግቼ በቅጠል መጥረጊያ አገላብጬ እጠርገዋለሁ፣ በባልዲ ውሃ እነክረዋለሁ። ሲላጥ በሹካ ወጋ አድርጎ መያዝ፣ ሁለቱን ጫፍ መቁረጥ፣ በቁመቱ አንድ ጊዜ መሰንጠቅ፤ ልጣጩ እንደ ካፖርት ይወልቃል። ቀዝቅዞ ሲበላ ነው የሚጥመው። ከአምስት ስድስት በላይ አትብሉ፤ ፍሬው ሆድ ያደርቃል፣ ትግራይ ያደገ ሰው ይነግራችኋል።

ነሐሴ የጾም ወር መሆኑ ለእኔ ጥሩ ገጠመልኝ። እነሱም ለእመቤታችን ይጾማሉ፣ ከእኛ ቀደም ብለው በፈረንጆቹ ኦገስት 1 ይጀምራሉ። ደብረ ታቦርን የሚያከብሩት ኦገስት 6 ነው፤ ቡሄ ከእነሱ 13 ቀን ይዘገያል። የዚያን ዕለት ወይን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወሰዳል፣ ካህኑ ይባርኩታል፣ ለሕዝቡ ይታደላል። ያያ ከዚያ በፊት ከራሳቸው ሐረግ አንዲት ፍሬ አይቀምሱም፤ እኔንም አያስቀምሱኝም።

ትልቁ ሥራ መስከረም ላይ ነው፣ የወይን ለቀማው ሲደርስ። ከጭማቂው ፓሉዜ የሚባል እንደ አጥሚት የሚወፍር ነገር ይሠራል፤ ከፓሉዜው ደግሞ ሹሹኮስ፣ በክር የተሰካ አልሞንድ በፓሉዜ ተሸፍኖ የሚደርቅ ጣፋጭ። ቅቤም ወተትም ስለሌለው የጾም ነው። አሠራሩን በቃል ብቻ መማር አይቻልም፣ ግን ልሞክር። ጭማቂውን በሰፊ ድስት ትጥዱታላችሁ። ያያ ነጭ የኖራ አፈር ጣል ያደርጉበታል፤ መጀመሪያ ሳይ ደንግጬ ነበር። አፈሩ የወይኑን ኮምጣጣነት ይሰብራል፣ ድፍርሱን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። አረፋውን እየገፈፋችሁ ካፈላችሁ በኋላ አውጥታችሁ ታሳድሩታላችሁ፤ ጠዋት ጥሩው ላይ፣ አተላው ታች ይሆናል። ሳትነቀንቁ ቀድታችሁ በሻሽ ታጠሉታላችሁ።

ዱቄቱ የሚበጠበጠው በቀዘቀዘ ጭማቂ ነው። ለ8 ኩባያ ጭማቂ 1 ኩባያ የስንዴ ዱቄት እናደርጋለን። ትኩስ ላይ ዱቄት ከነሰነሳችሁ ይጓጉላል፣ ከዚያ በኋላ የሚያድነው የለም። እሳት ላይ ከወጣ ማማሰል ማቆም የለም፤ ስልክ ቢጠራ ይጥራ። እየወፈረ ይሄድና ተክ ተክ ማለት ይጀምራል፣ ያኔ ክንዳችሁን ሸፍኑ፣ ሲፈናጠቅ ቆዳ ይልጣል። ለመዓዛ የጽጌረዳ ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ጥቂቱን በሳህን አውጥተን አልሞንድ በትነንበት በትኩሱ እንበላለን፤ ይሄ የደከመ ሰው ድርሻ ነው።

ለሹሹኮስ የሚሆነው አልሞንድ ቀድሞ በውሃ መራስ አለበት፣ ደረቁን መርፌ ይሰብረዋል። በጠንካራ ክር ይሰካል፣ ሰንሰለቱ ሙቅ ፓሉዜ ውስጥ ይነከራል፣ ጥላ ላይ ይሰቀላል። ሲጠነፍፍ እንደገና ይነከራል፣ እንደገና ይሰቀላል፤ አውራ ጣት እስኪያህል። መቸኮል አያዋጣም፣ የፊተኛው ሽፋን ሳይደርቅ ሌላ ከጨመራችሁበት ሁሉም ተያይዞ ይንሸራተታል። ዙሪያውን የዝንብ መከላከያ ሻሽ አድርጉበት። እኛ መንደር ደረቅ ነፋስ ስላለ ቶሎ ይይዛል፤ ባሕር ዳር ሊማሶል የምትኖር ጓደኛዬ ግን ወበቁ አስቸግሯት የምትሰቅለው እኛ ዘንድ አምጥታ ነው።

ካሮቡ ከወይኑ ትንሽ ቀድሞ፣ ነሐሴ ማብቂያ ላይ፣ በዱላ እየተመታ ይረግፋል። ድሮ የደሴቲቱ “ጥቁር ወርቅ” ይባል እንደነበር ያያ አይረሱም፤ ዛሬ ሊማሶል ግንብ አጠገብ ያለው የካሮብ መጋዘን የመዝናኛ ቦታ ሆኗል። ሽሮፑን ግን ቤት ለመሥራት አልታገልም፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ጥሩ ነው። ብርቱካንና መንደሪኑ ደግሞ የእነሱ ብርድ እስከሚያልቅ ዛፉ ላይ ስለሚቆይ ሥራ አያበዛም፤ የፈለጋችሁትን ቀን ወጥታችሁ ቆርጣችሁ መግባት ነው። ወደ ጥር ግድም ማንዶራ የሚሉት የመንደሪንና የብርቱካን ዲቃላ ሲመጣ አያምልጣችሁ።

ከተማ ያላችሁና ፓሉዜ መሞከር የምትፈልጉ፣ በመስከረም ወደ ወይን መንደሮቹ ወጥታችሁ “ሙስቶስ” ብላችሁ ጠይቁ፣ ጭማቂውን በጠርሙስ ይሸጡላችኋል። ጠርሙሱን ጠበቅ አድርጋችሁ አትክደኑት፣ በዚያው ቀንም አፍሉት። ካደረ ተብላልቶ የወይን ጠጅ መሆን ይጀምራል፣ ያ ደግሞ ሌላ ሙያ ነው።