«ውሻ ያዙልኝ!»

አክስቴ በራችን ላይ ሲደርሱ የሚጣሩት በማናችንም ስም አይደለም። «ውሻ ያዙልኝ!» ነው የሚሉት። ይህን ስንሰማ ከየክፍላችን ተተራምሰን እንወጣለን፤ አንዱ «ቡቺ!» ይላል፣ ሌላው «ሂድ ከዚያ!» ይላል፣ አንድ እግሩን ብቻ ተጫምቶ የሚሮጥም አይጠፋም።

ሐምሌ 7፣ የሥላሴ ዕለት፣ አራት ኪሎ አስቀድሰው ወደ እኛ ጎራ አሉ። ሰንሰለቱን ሳልይዝ በሩን ከፈትኩ። ቡቺ ጭቃ የጠገቡ ሁለት መዳፎቹን ነጠላቸው ላይ አሳረፈ። አልነከሳቸውም፤ እንዲያውም ላሳቸው። ለእሳቸው ግን መነከሱ ሳይሻላቸው አይቀርም። ነጠላውን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው «ከቅዳሴ መጥቼ!» አሉና ቡናውን ሳይጠጡ ሄዱ።

ያን ዕለት ማታ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ጥፋቱ የውሻው አልመስልህ አለኝ። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኢቫን ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ መፈጨት ጥናቱ ነው፤ ውሾቹ ግን ምግቡ ገና ሳይቀርብላቸው፣ የሚያበላቸውን ሰው ኮቴ ሲሰሙ ብቻ ለሃጫቸው ይዝረበረብ ነበር። ቡቺስ «ውሻ ያዙልኝ» በተባለ ቁጥር ምን ያያል? የቤተሰቡን ሁሉ ሩጫና ጩኸት። ቃሉ ለእሱ የክተት ነጋሪት ነው። ነጋሪቱን የምንጎስመው ደግሞ እኛው።

ከሥጋ ቤት ሳንባ ገዝቼ ቀቀልኩና የጥፍር ያህል እያደረግሁ ከተፍኩት። ከበሩ ስድስት እርምጃ ያህል ርቄ አሮጌ ጆንያ አነጠፍኩ። የጎረቤታችንን ልጅ በር አንኳኪ አድርጌ ቀጠርኩት። በሩ ኳ ሲል ሳንባው ጆንያው ላይ ይወድቃል። መጀመሪያ አንዴ፣ በቀስታ፤ ቀጥሎ ሦስቴ፤ በኋላም ልጁ የአክስቴን ድምፅ አስመስሎ ይጣራ ጀመር። ከሚገባው በላይ አሳመረው። ጠዋት አምስት ደቂቃ፣ ማታ አምስት ደቂቃ፤ ከዚያ ካለፈ ቡቺም እኔም እንሰለቻለን።

ሲዘልብን ደግሞ ጀርባ መስጠት ብቻ ነው። መግፋትና መቆጣት ለእሱ ጨዋታ ነው፤ የፈለገው እንድናየው ነዋ። በሁለተኛው ሳምንት ዝላዩ ባሰበት። የለመደው ነገር ሲቀርበት አጥብቆ ይሞክራል፤ እዚያ ላይ አንዴ የተሸነፈለት ሰው አጥብቆ መዝለልን አስተማረው ማለት ነው። ወንድሜ ተሸነፈለት። ሁለት ቀን አኮረፍኩት፤ ወንድሜን እንጂ ቡቺን አይደለም።

አባቴ በበኩላቸው ሥራውን ሁሉ በጥርጣሬ ነበር የሚያዩት። «ውሻ በበላበት ይጮሃል ሲባል ነው የምናውቀው። ይኼኛው ሌባ ሲመጣም ጆንያው ላይ ተኝቶ ሳንባ ሊጠብቅ ነው?» አሉ። ሌሊት ሲፈታ እንዳይጮህ አልከለከልኩትም፤ ቀንም ቢሆን ሁለት ሦስት ጊዜ ጮኾ ቢያስታውቅ ደስ ይለኛል። ያስቸገረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አባቴ አልተዋጠላቸውም፤ ሆኖም ሳንባ ሲያልቅ ሄደው የሚገዙት እሳቸው ሆኑ።

ነሐሴ 12 ማታ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩ ልጆች መጡ። ሰፈሩ ቀድሞውንም በጅራፍ ጩኸት ሲናወጥ ስለ ሰነበተ ቡቺ ደህና አልነበረም። በሩ ተከፈተና አሥር የሚሆኑ ልጆች ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ገቡ። ገመዱን ወንድሜ ይዞታል። ቡቺ ሁለት ጊዜ ጮኸና ተነሣ። የፊት እግሮቹ ከጆንያው ወጡ፣ የኋላዎቹ እዚያው ቀሩ፤ መሐል ላይ ተወጥሮ ይንቀጠቀጣል። ሳንባውን በላይ በላዩ ጣልኩለት። ሲያልቅብኝ ለልጆቹ ከተዘጋጀው ሙልሙል ቆረስኩለት። የልጆቹ አውራጅ ዳቦው ሲጎድል አይቶ ዜማውን ሳያቋርጥ በዓይኑ ገላመጠኝ።

በማግሥቱ፣ የቡሄ ዕለት፣ አክስቴ መጡ። ሌላ ነጠላ ነው የለበሱት።

«ውሻ ያዙልኝ!»

ማንም አልሮጠም። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ ሳንባዬን ጨብጫለሁ፤ ቡቺ ጆንያው ላይ ሆኖ እጄን ያያል፣ ለሃጩ ይወርዳል። ግቢው ጭር አለ። አክስቴ ትንሽ ጠበቁና በሩን ገርበብ አድርገው አንገታቸውን አስገቡ።

«ሰው የለም እንዴ?»