ወረቀቱን ተወውና ክንድህን ስጠኝ

ሜሪላንድ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ። ሐበሻ ሲታመም ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። በቅርቡ አንድ ወጣት ሆዱን ይዞ ጎብጦ ገባ። ግፊቱን ልለካ ክንዱን ስጠይቀው ሰማያዊ የፕላስቲክ ፋይል ዘረጋልኝ፤ የጥገኝነት ማመልከቻው፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮው፣ ሁሉም በወግ ተደርድሯል። «እህቴ፣ ወረቀቴ ገና አላለቀም፤ ያክሙኛል?» ትርፍ አንጀት ነበር። ቤቱ ሆኖ በዳማከሴ ሲያስታምመው ከርሟል።

እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ያለው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግልጽ ነው፦ ሜዲኬር የተባለውን የመንግሥት የጤና መድን የሚቀበል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ካለው የመጣውን ሁሉ መመርመር፣ ሁኔታው አስጊ ከሆነም ማረጋጋት አለበት። ኢንሹራንስም የመኖሪያ ፈቃድም ቅድመ ሁኔታ አይደሉም። አስተርጓሚም በነፃ ይቀርብላችኋል፤ እኛ ጋ በታብሌት ነው። እባካችሁ ልጃችሁን አታስተርጉሙ። እናት ስለ ማህፀኗ ደም በትንሽ ልጇ አፍ ስትናገር ማየት እኔንም ያሳቅቀኛል።

ከኋላችሁ የመጣ ቀድሟችሁ ቢገባ አትቀየሙ፤ ተራው በሕመሙ ክብደት ነው።

ይታከማል ማለት ግን በነፃ ነው ማለት አይደለም። የሂሳቡ ቢል በፖስታ ይመጣል፣ ያስደነግጣልም። አትጣሉት! ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች የክፍያ እርዳታ መመሪያ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል፤ ከመጀመሪያው ቢል አንስቶ ቢያንስ እስከ 240 ቀን ማመልከት ይቻላል። ቅጹን ከሂሳብ ክፍል ጠይቁ። የገቢ ማስረጃ ይላል፤ የሥራ ፈቃድ ገና ካልደረሳችሁ ያንኑ ጻፉ።